የቅጥር ሥልጠና ንግድ ባሕር ከመሻገሩ በፊት

በአገራችን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ የንግድ ዘርፍ እየተስፋፋ መጥቷል፤ ይኸውም ሥራ ፈላጊውን ለቅጥር የማዘጋጀት ንግድ ነው። የዚህ ሙያ ባለቤቶች የማመልከቻን አጻጻፍ፣ በቀጣሪ ፊት ቀርቦ ለጥያቄ መልስ የመስጠትን ሥርዓት፣ የሥራ ውልን አነባበብ፣ የቤትና የሆቴል አያያዝን፣ እንዲሁም ለሥራው የሚበቃውን ያህል የውጭ ቋንቋ ያስተምራሉ። ሥራው የተከበረ ነው፤ አስፈላጊነቱም አያከራክርም። ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የሚጠና ወጣት በበዛበት ዘመን፣ ከትምህርት ቤት በር እስከ መሥሪያ ቤት በር ያለውን መንገድ የሚያሳይ ሰው የድካሙን ዋጋ ቢያገኝ የሚያስወቅስ አይደለም።

ከእነዚሁ ነጋዴዎች መካከል ገበያቸውን ወደ ውጭ አገር ለማስፋት፣ ማለትም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ ተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች፣ ወደ ኩዌትና ወደ ዮርዳኖስ ለሚሄዱ ሠራተኞች አሠልጣኝ ለመሆን የሚያስቡ አሉ። በዚህ በባሌ ደጋም ሐሳቡ ሲነሣ ይሰማል። ሐሳቡን መንቀፍ አይገባም፤ ነጋዴ ገበያ ወዳለበት መሄዱ የተለመደ ነውና። የሚያከራክረው መሄዱ ሳይሆን የጉዞው ቅደም ተከተል ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም በአጭሩ እንዲህ ነው፤ አሠልጣኝ ዋጋውን መቀበል የሚገባው ከሥራ ፈላጊው ሳይሆን ከቀጣሪው ነው፤ ይህንንም ልማድ በሮቤና በጎባ ገበያ ሳያጸና ወደ ጅዳና ወደ ዱባይ መሻገር የለበትም።

ይህ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የሲናናን ስንዴ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ እህሉን በመዳፉ ዘግኖ ያየዋል፤ ነቀዝ እንዳለበት፣ እርጥበት እንደ ያዘ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ያውቃል። የምክርና የሥልጠና ሸቀጥ ግን በመዳፍ አይዘገንም። ገዢው ጥራቱን የሚያውቀው ከፍሎ፣ ሠልጥኖ፣ ሄዶ፣ ሥራው ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሻጩ በሮቤ፣ ገዢው በሪያድ ይሆናሉ። የተበላሸ ዕቃ እንደ ገዛ ሰው ተመልሶ «ይህን ውሰድልኝ፣ ገንዘቤን መልስልኝ» ሊል አይችልም። ገዢው ሥራ አጥ፣ ችግረኛ፣ ብዙ ጊዜም የወላጆቹን ከብት አሽጦ የመጣ ወጣት መሆኑን ስናስብበት፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚለው አባባል ምን ማለት እንደ ሆነ በግልጽ ይታየናል። ልዩነቱ ይህ ወጣት ሞኝ አለመሆኑ ነው፤ የሚገዛውን ነገር አስቀድሞ የሚያይበት መንገድ አጥቷል እንጂ።

ያለፈው ታሪክም ምስክር ነው። ሥራና ሠራተኛን የሚያገናኙ የግል ድርጅቶች በሕግ ይመሩ ዘንድ በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 ወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 632 ተተካ። ሕጉ ቢኖርም ከሕጉ ውጭ የሚሠራው ደላላ በየመንደሩ በዛ፤ በሰው አገር የሚደርሰው በደልም እየከፋ ሄደ። ከዚህም የተነሣ መንግሥት በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ዜጎች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገሮች የሚላኩበትን መንገድ ዘጋ። ወዲያውም የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማስወጣት ስለ ጀመረ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም.፣ ማለትም ከአራት ዓመት በላይ ጸና።

ነጋዴ ከዚህ ታሪክ ሊማር የሚገባው ርኅራኄን ብቻ አይደለም፤ የንግድን ሒሳብ ጭምር ነው። በሩ ሲዘጋ የተዘጋው በአጭበርባሪው ላይ ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኞቹን በሚገባ አሰናድቶ፣ በሕግ መሠረት ሲልክ የነበረውም ድርጅት ከአጭበርባሪው ጋር አብሮ ሥራ ፈትቷል። በዚህ ንግድ የአንዱ ነውር የሁሉ ዕዳ ነው። ስለዚህ የጎረቤቱን ነጋዴ አሠራር ችላ ብሎ «እኔ ንጹሕ ነኝ» የሚል አሠልጣኝ ገና የራሱን ጥቅም አልተረዳም። እገዳው በጸናባቸው ዓመታት ደግሞ ጉዞው አልቆመም፤ በስውር መንገድ ቀጠለ እንጂ። በስውር የሄደው ሠራተኛም ሥልጠና፣ ውል፣ ጠያቂም አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሎ፣ ነገሩን በአዲስ መሠረት ላይ አቆመው። ሠራተኛው ዕድሜው ከ18 ዓመት ያላነሰ እንዲሆን፣ ስለሚሠራው ሥራ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ፣ ከመሄዱም በፊት ገለጻ እንዲሰጠው ታዘዘ። ከሁሉ በላይ ግን ወጪው በግልጽ ተከፋፈለ። የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣውን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውን ቀጣሪው ይችላል፤ ሠራተኛው የሚችለው እንደ ፓስፖርት፣ እንደ ጤና ምርመራና እንደ ብቃት ማረጋገጫ ያለውን በአገር ውስጥ የሚወጣ ወጪ ነው። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም መሠረተ ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሠራተኛን የሚያገናኝ የግል ድርጅት ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መንገድ ክፍያ እንዳይቀበል ይደነግጋል።

እንግዲህ «በተዘዋዋሪ መንገድ» የሚለውን ቃል የቅጥር አሠልጣኝ የሆነ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሊመለከተው ይገባል። ሕግ በፊት ለፊት በር የከለከለው ክፍያ በጓሮ በር ሊገባ የሚችለው በሥልጠና ስም ነውና። የፊሊፒንስን ነገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ይህች አገር ዜጎችን ወደ ውጭ ለሥራ በመላክ ረገድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሆነ ልምድ አላት። በ1999 ዓ.ም. ስለ ቤት ሠራተኞች ባወጣችው ደንብ ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ 400 የአሜሪካ ዶላር አደረገች፤ ሠራተኛዋ የሙያ ፈተና አልፋ የምስክር ወረቀት እንድትይዝ አዘዘች፤ ላኪ ድርጅቶችም ከሠራተኛዋ የማስቀጠሪያ ዋጋ እንዳይቀበሉ ከለከለች። ደንቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንድ ላኪዎች የተከለከለውን ዋጋ «የሥልጠና ወጪ» ብለው ስሙን ለውጠው መቀበላቸውን ቀጠሉ። ሥልጠናው የሠራተኛዋ ጋሻ ይሆን ዘንድ የታዘዘ ሲሆን፣ ለበዝባዡ መሸፈኛ ሆነ። ፊሊፒንስን የሚያህል ልምድ ያላት አገር በዚህ ከተቸገረች፣ እኛ አስቀድመን ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ዋጋውን ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ የሒሳብ መዝገብ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አሠልጣኙ ለማን እንደሚያገለግል የሚወስነው ይኸው ነው። ሠልጣኙ አስቀድሞ የሚከፍል ከሆነ፣ የአሠልጣኙ ትርፍ በሠልጣኞች ቁጥር ይለካል፤ አንድ ክፍል ውስጥ 20 ሰው ከማስተማር 60 ሰው ማጨቅ ይሻለዋል፤ ሠልጣኙ ሥራ አገኘ አላገኘ፣ በሥራው ሰነበተ አልሰነበተ፣ የአሠልጣኙ ኪስ አይጎድልም። ቀጣሪው ሠራተኛው በሥራው ከቆየ በኋላ የሚከፍል ከሆነ ግን፣ አሠልጣኙ ለሥራው የማይሆነውን ሰው «ይህ ሥራ አይሆንህም» ብሎ በጊዜ ለመናገር ይደፍራል፤ ቀጣሪውንም ቢሆን ክፉ ጠባይ ያለው እንደ ሆነ ሰው አልሰጥህም ይለዋል፤ ሠራተኛው ሸሽቶ ቢሄድ ዋጋው ይቀርበታልና። በአንድ የክፍያ ሥርዓት ሁለቱም ወገኖች ይጣራሉ።

አፈጻጸሙም አስቸጋሪ አይደለም። ቀጣሪውና አሠልጣኙ በውል የተስማሙበት ዋጋ በሦስት ይከፈል፤ አንደኛው እጅ ሠራተኛው ሲቀጠር፣ ሁለተኛው ሦስት ወር ሲሠራ፣ ሦስተኛው ስድስት ወር ሲሞላ ይሰጥ። ሠራተኛው በችሎታ ማነስ ቢሰናበት አሠልጣኙ ያለ ተጨማሪ ዋጋ እንደ ገና ያሠልጥነው፤ ቀጣሪው ውሉን አፍርሶ ሠራተኛው ቢለቅ ግን ቀጣሪው ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ይክፈል። የሠራተኛው የትምህርት ማስረጃም ሆነ ፓስፖርቱ በምንም ምክንያት መያዣ አይሁን።

ይህንን ሥርዓት ለመፈተን ከባሌ ደጋ የተሻለ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በደጃችን ያለውን የሥራ ገበያ በሚገባ አላየነውም። የሲናና፣ የአጋርፋና የአካባቢው ደጋ በበልግና በመኸር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ስንዴና ገብስ ያመርታል፤ ስለዚህም አጨዳው ሁለት ጊዜ ነው። የኮምባይነር ባለንብረቶች ማሽናቸውን ከአርሲ ወደ ባሌ፣ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የአዝመራውን መድረስ ተከትለው ያዛውራሉ። ኦፕሬተሩ የማሽኑን ነፋስና መውቂያውን በልኩ ካላስተካከለ ፍሬው ከገለባው ጋር ተቀላቅሎ በእርሻው ላይ ይቀራል፤ ማሽኑ ተሰብሮ መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ የቆመ እንደ ሆነም የደረሰው ሰብል ዝናብ ይመታዋል። የአንድ ቀን መቆም ለባለማሽኑም ለገበሬውም ምን ያህል ኪሳራ እንደሚያመጣ የምክር ቤታችን አባሎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ይህንን ኪሳራ የሚያስቀር የሠለጠነ ኦፕሬተር ለሚያቀርብ ሰው የተወሰነ ዋጋ መክፈል ለባለማሽኑ ወጪ ሳይሆን ቁጠባ ነው።

በሌላም በኩል እንመልከት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ለማየት፣ የሳነቴን ሜዳ አቋርጦ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ለመውጣት፣ ወደ ሐረና ጫካም ለመውረድ የሚመጣው እንግዳ በዲንሾ፣ በሮቤና በጎባ ያድራል። እንግዳው የሚፈልገው ንጹሕ አልጋ፣ በሰዓቱ የሚደርስ ቁርስ፣ ቋንቋውን የሚረዳ አስተናጋጅ፣ መንገዱንና አራዊቱን የሚያውቅ መሪ ነው። ሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ጎባም ሪፈራል ሆስፒታል አላት። ከእነዚህና ከቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የሚወጡት ወጣቶች ትምህርት አላቸው፤ የሚጎድላቸው ብዙ ጊዜ የሥራ ቦታ ሥርዓትን ማወቅና ችሎታቸውን ለቀጣሪ መግለጽ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ሦስት ሥራዎች፣ በእርሻ ማሽን፣ በእንግዳ ማስተናገድና በጤና አገልግሎት፣ ቀጣሪውም ሠልጣኙም አሠልጣኙም በአንድ ከተማ ይገኛሉ። አሠልጣኙ የበደለ እንደ ሆነ በማግሥቱ በገበያ መካከል ይጠየቃል። ስም የሚሠራው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ «የአገራችን ቀጣሪ ሠራተኛ ለማግኘት ዋጋ መክፈል አልለመደም፤ ሥራ ፈላጊው ሞልቶ ሳለ ለምን ይከፍላል?» ይባላል። እውነት ነው፤ ልማዱ የለም። ነገር ግን ሥራ ፈላጊ መብዛቱና ሥራ የሚያውቅ ሰው መብዛቱ አንድ አይደለም። በየአጨዳው ወራት ኦፕሬተር የሚለዋውጥ ባለማሽን፣ በየሦስት ወሩ አስተናጋጅ የሚለዋውጥ ባለሆቴል ዛሬም እየከፈለ ነው፤ የሚከፍለው በተበላሸ ዕቃና በሸሸ ደንበኛ ስለ ሆነ በሒሳብ መዝገቡ አይታየውም እንጂ።

ሁለተኛ፣ «አሠልጣኙ ስድስት ወር ሙሉ ዋጋውን ሲጠብቅ የቤት ኪራዩን በምን ይከፍላል?» ይባላል። ይህ ከሦስቱ የከበደው ተቃውሞ ነው። አነስተኛ ካፒታል ያለው ሰው በእርግጥ ይቸገራል። ስለዚህ በጥቂት ሠልጣኞች ይጀምር፤ ከቀጣሪም የመጀመሪያውን እጅ በቅጥሩ ቀን ይቀበል፤ የተፈረመው ውል በእጁ ካለ በውሉ ዋስትና ብድር ለመጠየቅም ይቀለዋል። ይህንን ያህል ለመታገሥ አቅም የሌለው ድርጅት በባዕድ አገር ጽሕፈት ቤት ለመክፈትማ እንዴት ይችላል? በአገር ውስጥ ስድስት ወር መጠበቅ ያልቻለ፣ በውጭ አገር አንድ ክርክር ቢነሣበት አንድ ወር አይቆምም።

ሦስተኛ፣ «ለራሳችን የሚበቃ ሠራተኛ ሳይኖረን ለሰው አገር ለምን እናሠለጥናለን?» የሚል አለ። የዚህ ተቃውሞ መነሻ የአገር ፍቅር ነው፤ ሊከበር ይገባል። ነገር ግን ወጣቱ አሠልጣኝ ቢኖርም ባይኖርም መሄዱን አልተወም። በእኛ እጅ ያለው ምርጫ ዐይኑን ከፍቶ ይሂድ ወይስ ጨፍኖ የሚለው ብቻ ነው። በአገር ውስጥ ሥራ የሠለጠነና የሚኖርበት ደመወዝ ያገኘ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ላይሄድ ይችላል፤ ቢሄድም በተሻለ ደመወዝ ይሄዳል፤ ሲመለስም ይዞት የሚመጣው ሙያ ለአካባቢው ይተርፋል። ስለዚህ በአገር ቤት መጀመሩ የዚህንም ተቃውሞ ግማሽ ይመልሳል።

በአገር ውስጥ ስሙን ያጸና አሠልጣኝ ወደ ውጭ ገበያ ሲወጣ ሊከተለው የሚገባው መንገድ እንግዲህ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የሥራ ድርሻውን ይወቅ። ማሠልጠን አንድ ሥራ ነው፤ ሠራተኛን ወደ ውጭ መላክ ሌላ ሥራ ነው፤ ለመላክ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ሳይኖረው «ከእኔ ዘንድ የተማረ ቪዛ ያገኛል» የሚል አሠልጣኝ ከደላላ አይለይም። ስለዚህ ሥልጠናውን ፈቃድ ላለው ላኪ ድርጅት በውል ይሽጥ፤ ዋጋውም ከሠራተኛው ደመወዝ የማይቀነስ፣ ከውጭው ቀጣሪ በላኪው በኩል የሚመጣ ይሁን።

ከዚያም በአንድ አገርና በአንድ ሙያ ይጀምር። አምስት አገር በአንድ ጊዜ የሚል ሰው የአንዱንም ሕግ በሚገባ አያውቅም። ሙያውም በቤት ሠራተኝነት ብቻ መወሰን የለበትም፤ ሆቴል፣ የሕሙማን እንክብካቤና የማሽን ሥራ በውጭም ፈላጊ አላቸው። ትምህርቱም ከልብስ ማጠቢያ መሣሪያና ከዐረብኛ ሰላምታ ይለፍ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ለረጅም ዘመን ከአንድ ቀጣሪ ጋር ተያይዞ የኖረ ስለ ሆነ፣ ሠልጣኙ ውሉን በሚገባው ቋንቋ አንብቦ ቅጂውን በእጁ መያዝን፣ ደመወዙን በባንክ መቀበልን፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲን ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤትን አድራሻ በቃሉ ማወቅን፣ ያለ ፈቃዱ ወደ ሌላ ቤት ቢወሰድ ምን ማድረግ እንዳለበት ከመሄዱ በፊት መማር ይገባዋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው። ሠራተኛው ከሄደ በኋላም አሠልጣኙ በስልክ ይከታተለው፤ የስድስተኛው ወር ክፍያ እንዲህ ያለውን ክትትል ግዴታው ያደርግበታልና።

ይህን ሁሉ ለአሠልጣኙ ብቻ ትቶ መቀመጥ ለምክር ቤታችን አይገባም። ምክር ቤቱ ሦስት ነገሮችን ሊያደርግ ይችላል፤ ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። አንደኛ፣ በሮቤና በጎባ የሚሠሩ የቅጥር አሠልጣኞችን ስም፣ የንግድ ፈቃዳቸውንና የሚያስተምሩትን ሙያ የያዘ መዝገብ ከፍቶ ማንም ሰው እንዲያየው ያድርግ። ሁለተኛ፣ ክፍያው በሦስት የሚከፈልበትን የውል ምሳሌ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ ለአባሎቹ ያድል፤ አባሎቹም በመጪው አጨዳ ሠራተኛ ሲቀጥሩ በዚሁ ውል ይጠቀሙ። ሦስተኛ፣ ሠልጣኞች አቤቱታቸውን የሚያሰሙበት መዝገብ ይኑር፤ አቤቱታው በእውነት የተረጋገጠበት አሠልጣኝም ስሙ ከመዝገቡ ይሰረዝ። ነገ የውጭ አገር ቀጣሪ ወይም ላኪ ድርጅት «በባሌ ማን ይታመናል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የምክር ቤቱ መዝገብ ከማናቸውም ማስታወቂያ የበለጠ ምስክር ይሆናል።

የውጭ ገበያ እንደ አገር ውስጥ ገበያ ይቅርታ አያውቅም። የሮቤ ባለሆቴል አንድ አሠልጣኝ አንድ ጊዜ ቢያሳፍረው ሁለተኛ ዕድል ይሰጠው ይሆናል፤ የጅዳ ቀጣሪ ግን የአንዱን አሠልጣኝ ጉድለት በኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ሁሉ ስም ይመዘግበዋል። የሚጓዘው የአሠልጣኙ የምስክር ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የባሌ ልጅ ሕይወትና የአገሪቱም ስም አብረው ይጓዛሉ። ስለሆነም ይህንን ንግድ የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራችሁን በመጪው አዝመራ ከኮምባይነሩ ኦፕሬተር፣ ከሆቴሉ አስተናጋጅና ከሆስፒታሉ ረዳት ጀምሩ፤ ዋጋችሁንም ከቀጣሪው ተቀበሉ። የባሕሩ ማዶ ገበያ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያው ነገር በአገራችሁ ማን እንደ መሰከረላችሁ ነው።